ሊንጎን መቼ ትወልዳለች? የአንዲት ድንክ ባዝራ የምጥ ጥበቃ

ነገሩ የተጀመረው በሽሮ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ የምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤታችን ጭር ሲል፣ አንዲት የቆዩ ደንበኛችን ሁልጊዜ የሚቀመጡበት መስኮት ሥር ሆነው ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ዝም ብለው ቀሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ስዊድናዊት ናቸው። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው «ዱ» ስለሆነ አፌ «አንቺ» ይላቸዋል፤ በልቤ ግን እትዬ ነው የምላቸው። እዚህም እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

«ምነው፣ ጨው በዛ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሽሮው ደህና ነው፤ እግሬ ነው እንጂ» አሉኝ። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ከስፖንጋ በመኪና ሩብ ሰዓት የሚርቅ ትንሽ በረት አላቸው፤ እዚያ ሊንጎን የምትባል ድንክ ባዝራ አለቻቸው፤ ባዝራዋ ደግሞ ሜይ ላይ ትወልዳለች። ያለፈው ዓመት ሌሊት ብቻዋን ወልዳ፣ እትዬ ጠዋት ሲደርሱ ውርንጭላዋን ሞታ ነው ያገኟት። ዘንድሮ አጠገቧ አድራለሁ ብለው ነበር፤ በዚህ እግር ግን ሌሊቱን ሙሉ በረት ውስጥ መቀመጥ አልቻሉም።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። የምትሠራ መስሎኝ ነበር ማለቱ ይሻላል፤ ለካ ጆሮዋ ሙሉ በሙሉ እኛ ጋ ነው። «አባዬ፣ እኛ እንጠብቃት!»

«ጊዜ የለኝም» አልኳት። ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ሲል ማንም አይጠራጠረውም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

እኔ የተወለድኩት አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አጠገብ ነው። እኛ ጋ ፈረስ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ይጋለብበታል፣ ይጫንበታል፣ ይታረስበታልም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው፣ ለአገው ፈረስ ምን እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አባቴ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ትልልቆቹ ለቅሶ ሄደው እኔና አያቴ ብቻ ቤት በቀረንበት ሌሊት ምጧ መጣ። ኩራዝ ይዤ በረቱ በር ላይ ቆምኩ። ውርንጭላው ነጭ ነገር ተሸፍኖ ወጣ፤ ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ እንደሚረጋው ስልባቦት ያለ ነገር። ውስጡ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። እንዳልነካ ተነግሮኛልና አልነካሁትም፤ ጎረቤት ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ መንቀሳቀሱን አቁሟል። ማንም አልወቀሰኝም። ያን ስልባቦት በጣቴ ብቀደው ኖሮ አፍንጫው አየር ያገኝ እንደነበር ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ይህን ለባለቤቴም ቢሆን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ልጄ ሦስት ቀን ነዘነዘችኝ። በአራተኛው ቀን በረቱን ልናይ ሄድን።

ሊንጎን ከትከሻዋ አናት እስከ መሬት 82 ሳንቲ ሜትር ናት። የምግብ ቤታችን ጠረጴዛ 75 ነው፤ እንግዲህ አስቡት። ሆዷ ግራና ቀኝ እንደ በርሜል ተነፋፍቶ፣ ጋማዋ ዓይኗን ሸፍኖ፣ አንድ ትልቅ ሴት የልጅ ጫማ ያደረገች ነው የምትመስለው። ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እጄን አንገቷ ላይ ሳደርግ ሽታዋ የአባቴ ባዝራ ሽታ ሆነብኝ። ፈረስ ቢያንስም ሽታው አያንስም።

ልጆች፣ ድንክ ፈረስ የትልቅ ፈረስ ግልገል አይደለም፤ አድጎ የጨረሰ ነው። አሜሪካ ያለው የድንክ ፈረስ ማኅበር 34 ኢንች ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያልበለጠውን ነው የሚመዘግበው። ለብዙዎቹ ድንኮች ዘር የሆነው በስኮትላንድ በላይ ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች የመጣው ፈረስ ነው። እነዚህ አጫጭሮች አንድ አሳዛኝ ታሪክም አላቸው። በ1842 እንግሊዝ ሴቶችና ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል እንዳያወጡ በሕግ ስትከለክል፣ ጠባቡን ዋሻ የሚያልፍ ሌላ ጎታች ተፈለገና ብዙ የሼትላንድ ድንኮች ጉድጓድ ገቡ። ስዊድንም የራሷ ትንሽ ፈረስ አላት፤ ጎትላንድ ደሴት ላይ የኖረው ጎትላንድስሩስ ይባላል፤ ግን እሱ ከሊንጎን በደንብ ይረዝማል።

ትንሽነቷ ያምራል እንጂ ለመውለድ አይመችም። የድንክ ውርንጭላ ጭንቅላት ከእናቱ ዳሌ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ ቢጣመም ደግሞ የሰው እጅ ገብቶ የሚያስተካክልበት ቦታ የለም። ስለዚህ በድንክ ባዝራ ምጥ ላይ «እስቲ ትንሽ እንየው» የሚባል ነገር የለም ሲሉ እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። ሌላም ነገሩን፦ ከባድ ሆድ ያላት ድንክ ምግብ እምቢ ካለች፣ ገላዋ የራሱን ስብ እያቀለጠ ወደ ደሟ ይለቀውና ጉበቷ ይታመማል። አንድ ቀን አለመብላቷ ብቻ ሐኪም ያስጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችን ሆዷንና ግቷን ማየት አልነበረም፤ ድርቆሿን መብላቷን ማየት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ውርደቴን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ጉብኝት ከኩሽናችን አንድ ከረጢት የካሮት ልጣጭ ይዤላት ሄድኩ። አገር ቤት ፈረስ ካለው ሰው ጋ ባዶ እጅ አይኬድም። እትዬ ከረጢቱን ከእጄ ተቀብለው ቀጥ ብለው ወደ መኪናዬ መለሱት። ለካ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ከምግብ ቤት ኩሽና የወጣ ትርፍራፊ ለእርባታ እንስሳት መስጠት ክልክል ነው፤ ልጣጭም ቢሆን፣ ፈረስም ቢሆን። በሽታ እንዳይዛመት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ምግብ ቤት ስሠራ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ካሮት ከሱቅ ገዝቶ በቀጥታ መውሰድ ይቻላል፤ ያውም እትዬን ጠይቆ።

ሌሊቱን እኛ ብቻችንን አንችለውም። የልጃችን የክፍል ጓደኞች ወላጆች፣ አንድ የኤርትራ እና አንድ የሶማሌ ቤተሰብ፣ ተጨመሩ። የሶማሌዎቹ አያት ግመል አርቢ ነበሩ፤ በረቱን አንዴ ዞር ብለው አይተው «ይህች ከግንቦት አጋማሽ አታልፍም» አሉ። እኛ በመጽሐፍ እየቆጠርን ነበር፤ ሳቅንባቸው።

ቆጠራው እንዲህ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ታረግዛለች፤ በአማካይ 340 ቀን ይባላል። ግን ባዝራ የቀን መቁጠሪያ አታነብም። በ320 ቀን የምትወልድ አለች፣ አንድ ዓመት ሞልቶ የምታልፍ አለች፤ ድንኮቹ ደግሞ ትንሽ መቅደም ይወዳሉ። ሊንጎን ድንጉላው ዘንድ የሄደችው ያለፈው ዓመት ጁን 18 ነው። 340 ሲቆጠር ሜይ 24 ይመጣል። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት፤ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ይህን ሥራ አይግባ። እኔ ከእንጀራ ሊጥ ጋር ነው ያመሳሰልኩት። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ትነግሪኛለሽ ወይ ብትሏት፣ ባለቤቴ «ሊጡን ሳየው አውቃለሁ» ነው የምትለው። እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ጤፉ፣ እንደ እርሾው ነው።

እንግዲህ ምንድን ነው የሚታየው?

መጀመሪያ ግቷ። ከመውለዷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ መሙላት ይጀምራል። ጠዋት ከጋጧ ስትወጣ ሞልቶ፣ ሜዳ ላይ ስትንቀሳቀስ ደግሞ ይቀንሳል። እየቀረበ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መዋል ይጀምራል። ድንክ ሆድ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ግት ማየት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ልጄ ደግሞ በሆዷ ተኝታ በባትሪ ታያለች። ቀጥሎ የጭራዋ ሥር። ጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ጡንቻ ቀስ በቀስ እየላላ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። በጣት ጫን ማድረግ ነው፤ በየቀኑ ያው ሰው ቢነካው ልዩነቱ ይገባዋል። እትዬ ይህን ሥራ ለልጄ ሰጧት። ከዚያ ሆዷ፦ ወደ ጎን ተነፍቶ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሽንጧ ይጎደጉዳል። ከጭራዋ ሥር ያለው ብልቷም ይረዝማል፣ ይላላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሳሳቃሉ፤ ይሳቁ፣ ግን ደብተር ላይ ይጻፉት።

መጨረሻ ላይ ሰሙ ይመጣል። እንገሩ በጡቶቿ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይደርቅና ትንንሽ ቢጫ የማር ሰም የመሰለ ጠብታ ይሠራል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቀን ነው ያለው። ግን ሰም ሳታወጣ የምትወልድ አለች፣ ሳምንት ሙሉ ሰም ይዛ ሰው የምታደክምም አለች። ወተት መንጠባጠብ ከጀመረ ደግሞ ለሐኪም ይነገራል፤ እንገሩ መሬት ላይ ፈሶ ካለቀ ውርንጭላው ምን ይጠባል?

አንድ ብልሃት ግን ከእኔ ሙያ መጣ። የቡና ማሽን ያለው ሰው የውሃን ጥንካሬ የምትለካ ቀጭን የወረቀት መለኪያ ያውቃል፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ነው የምታሳየው። ባዝራ ልትወልድ ስትል ወተቷ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ የወተቱም ጨውነት ይለወጣል፤ ኮምጣጣነቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ አርቢዎች ጥቂት ጠብታ ወስደው፣ በተጣራ ውሃ አቅጥነው፣ በዚያችው ወረቀት ይለካሉ። እትዬ የእሳቸው አልቆባቸው ሊያዝዙ ሲሉ እኔ ከቡና ማሽኑ ሥር አንድ ፓኬት አወጣሁ። ከካሮቱ ውርደት የዳንኩት በዚህ ነው። ግን በየሰዓቱ አይለካም፤ ጥቂት ጠብታ በቀን አንዴ፣ ምሽት ላይ፣ ያውም እትዬ በእጃቸው።

የልጄ ደብተር አሁንም ቤት አለ። ፊደሏ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ስዊድንኛ ነው፤ እኔ አስተካክዬ ጥቂቱን ልጻፍላችሁ።

«ሜይ 6። ድርቆሽ ጨርሳለች። ግት እንደ ብርቱካን። የጭራ ሥር እንደ ጎማ።»

«ሜይ 9። ግት ጠዋትም ማታም ሙሉ። የጭራ ሥር እንደ ዳቦ። አባዬ ጋጥ ውስጥ ተኝቶ አንኮራፋ፣ ሊንጎን ደነገጠች።»

«ሜይ 11። ተኛች፣ ተነሳች፣ ሆዷን አየች። ሁላችንም መጣን። ፋ... ብላ ፈስታ ድርቆሽ በላች።»

ሜይ 11 እንዳለችው ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነበር፤ ለእዚህ አገር ልጆች 23.00 ማለቴ ነው። ይህ የሰዓት ጉዳይ ራሱ አንድ ችግር ሆኖብን ነበር፤ የኤርትራዊው አባት «ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ሲለኝ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ሳልጠይቅ ስድስት ሰዓት ብቻዬን ቆሜያለሁ። ሦስት ቤተሰብ በፒጃማ በረት ሞላ። ባዝራ ደግሞ ግርግር አትወድም፤ አብዛኞቹ የሚወልዱት ሌሊት፣ ሁሉ ጸጥ ሲል ነው። አርቢዎች ሰው ሲበዛ ምጧን ትይዘዋለች ይላሉ። እትዬ በማግስቱ አዲስ ደንብ አወጡ፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ ከጋጡ ውጭ፣ ስልክ ድምፅ አልባ። ካሜራም ተሰቅሎ ነበር፤ ግን ከበረቱ ቆርቆሮ የተነሣ ምስሉ እየተቋረጠ ግማሹን ሌሊት የምናየው የቆመ ጭራ ነበር።

ሜይ 14 የዕርገት በዓል ስለሆነ ምግብ ቤቱን በጊዜ ዘጋን። በማግስቱም ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። ተራው የእኛ ነበር። በመንገድ ላይ የያርቫ ሜዳ ጎን ስናልፍ ልጄ «እዚህ ፈረስ ነበረ?» አለችኝ። ከ1905 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የጦር ሠራዊት መለማመጃ እንደነበረ፣ ቴንስታ፣ ሪንክቢ፣ ሁስቢና አካላ ዛሬ የያዙት መሬት ያኔ ሜዳና እርሻ እንደነበረ ነገርኳት። አሁንም እኮ ፈረስ አለ። ልጆቻችሁን እንስሳ ልታሳዩ ከፈለጋችሁ አካላ መንደር ውስጥ የፊራሆ ግቢ አለ፤ ስሙ የስዊድንኛዎቹ ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና የሚጀምሩበት «ሆ» ፊደል አራት ጊዜ ስለሆነ ነው።

በረቱ ስንደርስ ሰሙ ነበር። ሁለት ቢጫ ጠብታ። የእትዬ ወረቀት መለኪያም መጨረሻው ድረስ ቀለሙን ቀይሯል። የጭራዋን ሥር ልጄ ነክታ «አባዬ፣ ገንፎ!» አለች። ጭዱን አደስን፤ ለውርንጭላ ጭድ የሚመረጠው እርጥብ አፍንጫ ላይ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ስለማይጣበቅ ነው። ጭራዋን በጨርቅ ጠቀለልን። የእንስሳት ተጎታቹ ከመኪና ጋር ተያይዞ ቆሟል፤ የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም የሌሊት ቁጥር ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ነገሩ ከከፋ ኡፕሳላ፣ ኡልቱና ወዳለው የእንስሳት ሆስፒታል ነው የሚኬደው። እትዬ ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር አድርገው ቤታቸው ገቡ።

ልጄ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። መኪናው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስተኛኋት። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ቴርሞስ ቡና ይዤ፣ እትዬ ያስጠኑኝን በልቤ እደግም ነበር። ሦስት ነገር ነው። ሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው በሃያ፣ ቢበዛ በሠላሳ ደቂቃ መውጣት አለበት፤ ሴት ልጅ ምጥ ላይ ሰዓታት ትቆያለች፣ ባዝራ ግን ከዚያ በላይ ከቆየች አደጋ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ሰማያዊ ከረጢት መሆን አለበት፤ ቀይ ከፈይ የመሰለ ነገር ከመጣ የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል፣ ውርንጭላው አየር አጥቷል ማለት ነውና ያን ቀይ ነገር ወዲያው ቀዶ ማውጣት ነው፤ ሐኪም የሚጠራውም በሩጫ ነው። ትክክለኛው አመጣጥ ደግሞ ሁለት የፊት እግር፣ አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የሰኮናው ሥር ወደ መሬት፣ አፍንጫው ጉልበቱ ላይ ተጋድሞ፤ ከውሃ ዋናተኛ ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ የተለየ ከሆነ መሳብ የለም፣ ስልክ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ድርቆሿን ተወች። ጋጡን ትዞራለች። ጭራዋን ታነሳለች፣ አንገቷ በላብ ረጠበ። ሽንጧን ዞራ ታያለች፣ በፊት እግሯ ጭዱን ትጭራለች። የሆድ ቁርጠትም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ግን ግትና ሰም ያየ ሰው አይሳሳትም። እትዬ ጋ ደወልኩ። «እየመጣሁ ነው» አሉ፤ በምርኩዝ፣ በጠጠር መንገድ፣ በጨለማ።

ያኔ አንድ ነገር መወሰን ነበረብኝ። ልጄን ልቀስቅስ ወይስ አልቀስቅስ? ያለፈው ዓመት የሆነው ዘንድሮም ቢሆን፣ እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ያየሁትን እሷም በአሥራ አንድ ዓመቷ ታያለች። መኪናው ጋ ሄጄ በመስኮቱ አየኋት። አፏን ከፍታ ተኝታለች። ተመልሼ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ዞሬ በሩን ከፈትኩና «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ አትጩኺ» አልኳት።

ባትሪውን ሰጠኋት። «ሰዓቱንም አንቺ ነሽ የምትይዢ።»

02.34 ላይ ውሃዋ ፈሰሰ። ልጄ ጻፈች። ሊንጎን ተጋደመች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተጋደመች። 02.41 ላይ ነጭ ነገር ታየ። ነጭ ነው፣ ቀይ አይደለም፤ እኔ ለራሴ ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም። በውስጡ አንድ ትንሽ ሰኮና። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ ቆመ። ሊንጎን ታምጣለች፣ ምንም አይጨምርም። «ስንት ሆነ?» «አሥራ አንድ ደቂቃ፣ አባዬ።» እትዬ በሩ ላይ ደርሰው ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ በተረጋጋ ድምፅ «አትንካ፣ ጊዜ አላት» አሉኝ። «አሥራ አራት ደቂቃ።» በአሥራ አምስተኛው ትልቅ ምጥ መጣና ግንባሩ አለፈ፤ ከግንባሩ በኋላ ትከሻው፣ ከትከሻው በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሸርተት ብሎ ጭዱ ላይ ወረደ።

በስልባቦት ተሸፍኖ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ከረጢቱ አፍንጫው ላይ ሳይቀደድ ተለጥፏል። ብዙውን ጊዜ ውርንጭላው ሲንፈራገጥ ራሱ ይቀደዳል፤ የድንኮች ውርንጭላ ግን ትንሽና ደካማ ስለሆነ አንዳንዴ አይችልም። ያለፈው ዓመት የሆነውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እትዬ «አሁን!» አሉ። እኔ ከዚያ በፊት ጉልበቴ ጭዱ ላይ ነበር። በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ያዳልጣል፤ እንደ እርጥብ ላስቲክ ነው፣ ሳስበው ከኖርኩት የበለጠ ጠንካራ። በሁለተኛው ሙከራ ተቀደደ። አፍንጫዋን በፎጣ ጠረግሁ፣ አፏን ወደ ታች አደረግሁ። አንዴ አስነጠሰች። ሴት ናት።

«02.50» አለች ልጄ። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። ባትሪው ግን አልተንቀጠቀጠም።

እትብቱን አልቆረጥንም፤ እናቲቱ ስትነሳ ራሱ ይበጠሳል፣ እስከዚያ ደም ለውርንጭላዋ ያልፋል። እትዬ እትብቷ ላይ መድኃኒት አደረጉ። ከጋጡ ወጣን። ሊንጎን ዞር ብላ ልጇን ስታይ ከጉሮሮዋ ሥር አንድ ድምፅ አወጣች፤ ማሽካካት አይደለም፣ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ፤ ባዝራ ያንን ድምፅ በደንብ የምታሰማው ለውርንጭላዋ ነው። አባቴ ባዝራ ሲያስመስል ያወጣው የነበረው ድምፅ እሱ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቆጠራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው፤ ልጆች በቀላሉ ይይዙታል። በአንድ ሰዓት መቆም፣ በሁለት ሰዓት መጥባት፣ በሦስት ሰዓት የእንግዴ ልጁ መውጣት። አራት ጊዜ ወድቃ 03.36 ላይ ቆመች፤ አራቱ እግሮቿ ወደ አራት አቅጣጫ። ጡት ፍለጋ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእናቷን ጉልበት ጠባች፣ ግድግዳውን ጠባች፣ የልጄን ጃኬት በአጥሩ ክፍተት ጠባች። ይህ የሚያስቀው ለተመልካች ነው፤ ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈው በሩ ተዘግቷል። አገር ቤት የላም እንገር ለልጆች ሲሰጥ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እዚህ ግን ጣፋጭ አይደለም፣ ሕይወት ነው። 04.18 ላይ ጭራዋ መወዛወዝ ጀመረ። እየጠባች ነው።

የእንግዴ ልጁ ግን እምቢ አለ። 05.00 ሆነ። ውጭ ነግቷል፣ ወፎች ይጮኻሉ። አይጎተትም፤ ከውስጥ ይቀደድና የቀረው ይመርዛታል። እንዳትረግጠው በገመድ አንጠልጥለን አሰርነው። እትዬ ሐኪሟ ጋ ደወሉ፤ ሦስት ሰዓት ከሞላው እመጣለሁ አለች። 05.22 ላይ ራሱ ወደቀ። መሬት ላይ ዘርግተን አየነው፤ የተዘረጋ የእንግዴ ልጅ እንደ ሱሪ ነው፣ ሁለት እግር አለው፣ ጫፉ ጎድሎ ከሆነ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሙሉ ነበር። ልጄ ይህን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለክፍሏ ልታሳይ ነው፤ መምህሯን ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ መጥታ የሁለቱንም ልብ አዳመጠች፣ በማግስቱም ከውርንጭላዋ ደም ወስዳ እንገሩ መሥራቱን አረጋገጠች።

ወደ ስፖንጋ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ልጄ «አባዬ፣ እንዴት አወቅህ መቅደድ እንዳለብህ? እትዬ ሳትነግርህ እኮ ነው የሄድከው» አለችኝ። ያን ጊዜ የእንጅባራውን ነገርኳት። ኩራዙን፣ ሩጫውን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጣቢያው ጋ ስንደርስ «ዘጠኝ ዓመት ትንሽ ነው እኮ» አለች፤ ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኛች። እኔ ለምሳ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ።

አሁን የቀረው ስም ነው። በዚህ አገር ፈረስ ሁሉ ፓስፖርት አለው፤ ውርንጭላም ቺፕ ተደርጎለት ይመዘገባል። እትዬ ስሙን ለልጆቹ ተውት። የሶማሌዎቹ አያት፣ ቀኑን በትክክል የገመቱት፣ የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ልጄ ደግሞ ንጉሦቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉ ከነገርኳት ወዲህ ሌላ ስም አልሰማም ብላለች። ሴት ውርንጭላ «አባ» አትባልም ብላት «ታዲያ እማ በላት» አለችኝ። ቅጹ የመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ሽሮ ነክቶታል።